ስድስተኛው ሲዲ

የወንድሜን መኪና ባስነሳሁ ቁጥር አንድ ጃፓናዊ ይጮህብኛል። የሲዲ ማጫወቻው ማጥፊያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወንድሜ በሕይወት እያለ በዚህ ነገር ሳንጨቃጨቅ ያለፈ ሳምንት አልነበረም። "ጅራቷ ላይ በር የተዘጋባት ድመት ነው የሚመስለው" እለዋለሁ። እሱ መሪውን በጣቱ እየመታ ይስቃል። "እታለም፣ ያንቺ ጆሮ እኮ ገና ቪዛ አልተመታለትም" ይለኛል።

በፈረንጆቹ 2020 ዲሴምበር ላይ ሞተ። መኪናው ለእኔ ቀረ፤ ጩኸቱም ከመኪናው ጋር ቀረ።

አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ሁለታችን ነበርን የምንኖረው። ዲቪ መጀመሪያ ለእኔ ደረሰኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለእሱ። ሥራችን ሪከንባከር አየር ማረፊያ አጠገብ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ነው፤ እኔ ጠዋት እገባለሁ፣ እሱ ከሰዓት። እኔ ስወጣ እሱ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ደብረ ዘይት ላለችው እናታችን ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ቀን አይዘልም። ከኋላው ደግሞ ሁልጊዜ ያ ጩኸት አለ። ለእኔም ይልክልኝ ነበር፤ ቆሻሻ አውጪ፣ የፖስታ ሳጥኑን እዪ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ጩኸቱ ሲጀምር እዘጋዋለሁ፤ እስከመጨረሻው የሰማሁት ጥቂቱን ነው።

ጃፓኖቹን ወደ ቤታችን ያመጣቸው አባታችን ነው። የመንገድ ሥራ ድርጅት ሾፌር ነበር፣ አለቆቹም ጃፓኖች። አንዱ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናው ውስጥ የነበሩትን ሲዲዎች ጥሎለት ሄደ። አባቴ ጓሮ ሰቅሏቸው ወፍ ሊያባርርባቸው ነበር ያሰበው። ወንድሜ ቀደመው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም የለውም። አባቴ ቶሎ አረፈ፤ ጩኸቱ ግን አላረፈም። እናቴ "የአባትህ ጃፓኖች" ትላቸዋለች። "የአባትህን ጃፓኖች እስኪ ትንሽ ዝም አሰኛቸው፣ ራሴን ነው" ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ሽንኩርት ስትከትፍ ዜማቸውን ስታንጎራጉር እሰማታለሁ።

ኮሮናው ሲይዘን ማን ለማን እንዳመጣው አላውቅም። መጀመሪያ የሳልኩት ግን እኔ ነኝ። እኔ በአሥር ቀን ተነሳሁ። እሱን ሆስፒታል አስገቡት፤ መግባት አይፈቀድም ነበርና የመጨረሻውን ቀን ነርሷ በያዘችለት ታብሌት ነው ያየሁት። ቀብሩ ላይ አሥር ሰው ቆምን፣ ተራርቀን። ማንም ማንንም አላቀፈም። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መቃብሩ ደጃፍ ካለው ፓርኪንግ ላይ በማስክ ውስጥ ጠየቁኝ።

"እናትየው ሰምተዋል?"

"አልሰማችም። አክስቴ አብራት አለች። ብለድ ፕሬዠር አለባት፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ኮል አድርገሽ እንዳትነግሪ። መርዶ በስልክ አይሆንም። ሰው ተሰብስቦ፣ ብትወድቅ የሚደግፋት ኖሮ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። አሁን ደግሞ እዚያም በሽታው አለ። ትንሽ ይቆይ።"

እሺ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያን ቃል ከአፌ ማውጣት አልፈለግሁም ነበር። ለሚያውቀን ሁሉ ደወልኩ፣ ፎቶ እንዳይለጥፉ ለመንኩ፣ አክስቴን አስማልኳት። ሰው ሁሉ "ልክ ነሽ" አለኝ። አንድም ሰው "ተሳስተሻል" አላለኝም። በእኛ ዘንድ ሐዘን መደበቅ ውሸት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በአፌ ተወጣኋቸው። ሺፍት ቀይረውበት ነው፣ ስልኩ ወድቆ ተሰብሮበት ነው። ውሸት ይዋጣልኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሁለታችንም የምዋሸው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ "ስልኩ ከተሠራ ድምፁን ብቻ ያሰማኝ" አለች።

ስልኩ እኔ ጋ ነበር። ከፈትኩት። ለእናቴ የላካቸው ድምፆች በሙሉ ተደርድረው አሉ፣ የሁለት ዓመት። ቀንም በዓልም ያልተጠራበትን አንድ መረጥኩ። "እማዬ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ሥራ ልገባ ነው። ቅዳሜ እደውላለሁ።" እንደ አዲስ አድርጌ ላክሁት። እናቴ ትሰማዋለች፣ ደስ ይላታል፣ ትረሳዋለች ብዬ ነው። የፈራሁት እንዳልያዝ ነበር እንጂ የማደርገውን ነገር አይደለም።

ሌላ ጊዜ ወዲያው የምትመልሰው እናቴ ሦስት ቀን ዝም አለች። ኔትወርክ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን በእሱ ስልክ ላይ ድምጿ ገባ።

"ሰማሁህ ልጄ። አንተ አትጨነቅ። እህትህን ጠብቅልኝ።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ብስጭት ነው። ታላቋ እኔ፣ ዳይፐሩን የለወጥኩለት እኔ፣ እሱ ነው እኔን የሚጠብቀው?

በዚህ ዓይነት የበረዶውን ክረምት ገፋነው። በየሳምንቱ አንድ ድምፅ እመርጣለሁ። እሱ ከስልኩ ይናገራል፣ እናቴ ትመልስለታለች፣ እኔ መሐል ተቀምጬ እሰማለሁ። ሌላው ጊዜ ደግሞ መኪናው ውስጥ ጃፓናዊው ይጮሃል። ቱ ሴቨንቲ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዤ ሥራ ስሄድና ስመለስ፣ ዝም ያለ ቦታ አልነበረኝም።

ጃንዋሪ ውስጥ የመኪናውን ኢንሹራንስ ወረቀት ስፈልግ፣ ከፊት መሳቢያው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው። የዚያን ባንድ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአማርኛ ጽፎታል፣ የአንድ አገር ታሪክ ይመስል። ዘፈኖቹን ደግሞ ጃፓንኛውን እንዳለ በፊደል ገልብጧቸዋል፤ አንድም ቃል ሳይገባኝ ማንበብ እችል ነበር። በሥራ ዕረፍት ሰዓቴ፣ ብሬክ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ሲዲዎቹ መቀመጫው ሥር ነበሩ፤ እያነበብኩ በተራ አስገባቸው ጀመር።

አራት ናቸው፣ ከሰሜን ጃፓን ካለ የዓሣ አጥማጆች ከተማ። ዘፋኙ፣ ጊታር የሚመታው፣ ቤዝ የሚመታው፣ ከበሮ የምትመታዋ። ቀን ቀን የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ይሠራሉ፤ ማታ እዚያው ይለማመዳሉ፣ ሌላ ቦታ ጩኸታቸውን የሚችል አልነበረምና። የመጀመሪያውን ሲዲ እዚያ ቀዱት። "በደንብ ካዳመጥከው ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማል" ይላል ወንድሜ። አዳመጥኩ፤ እውነትም ይሰማል። አገር ሁሉ ያወቃቸው በሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ጊታሪስቱ ተጣልቷቸው ሄደ፣ ግማሹ ዘፈን ያለ ጊታር ነው፤ ወንድሜ በዚህ ተናዶ አንድ ገጽ ሙሉ ሰውየውን ሰድቦታል። ተመልሶ ሲታረቃቸው ደግሞ ስድቡን በአንድ መስመር ሰርዞ "ይቅርታ" ጽፎበታል። ብቻዬን ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

አራተኛውን እየቀዱ እያለ ዘፋኙ ሞተ።

የቀሩት ሦስቱ ለማንም አልተናገሩም። ጉሮሮውን አሞታል፣ ዕረፍት ላይ ነው አሉ። ሲዲውን አወጡት፣ ሰው ወደደው። እውነቱን የተናገሩት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ወንድሜ በዚያን ጊዜ በመሐንዲሱ አድራሻ በኩል ለዘፋኙ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ለጉሮሮው ዝንጅብል በማር እንዲጠጣ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሰባት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው መድኃኒት ሳዝዝ ነበር። ለምን ደበቁኝ? ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር እንጂ አልሞትም ነበር።"

ደብተሩን ዘጋሁት። ብሬኬ አልቆ ሱፐርቫይዘሬ እስኪደውልልኝ ድረስ ከመኪናው መውረድ አልቻልኩም። የተናገረው ስለ ጃፓኖች ነው፣ ያውም ልጅ እያለ። ግን ለእኔ እንደተናገረው ነው የተሰማኝ፤ አሁንም እንደዚያው ነው የሚሰማኝ።

እንዲያም ሆኖ አልተውኩም። እንዴት ልተው? አንድ ሳምንት ብዘል እናቴ ትጠይቃለች ብዬ እፈራለሁ። አክስቴ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረችብኝ። እናቴ ወር በገባ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ሄዳ የወንድሜን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋ ለቄሱ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ጸሎት የሚደረገው ለሕያዋንም ለሙታንም ነው፤ የሕያዋን ስም ግን ለብቻ፣ የሙታንም ለብቻ ነው የሚጠራው። አርባውን እዚህ ኮለምበስ በድብቅ አውጥቼለታለሁ፤ እዚያ ግን የገዛ እናቱ ስሙን ከሕያዋን ጋር ስታስጠራ፣ ጤና ስጠው ስትልለት እያሰብኩ ሥራዬ ላይ ካርቶን ከእጄ ይወድቅ ነበር። እኔ ያደረግኩት ነው። ሞቶ እንኳ ሟች እንዳይሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አምስተኛው ሲዲ የተሠራው ዘፋኙ በየካሴቱ ላይ ትቶት ከሄደው ድምፅ ነው። የእሱ ድምፅ የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ የእነሱ መሣሪያ ከቅርብ። ስድስተኛው ሲዲ፣ ወንድሜ ሲሞት መኪናው ውስጥ የነበረው፣ ያ ሲጮህብኝ የከረመው፣ ከዚያም የተረፈ ነው። የሚዘፍንበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ መጀመሪያው ላይ፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚቀበለኝ ጩኸት ነው። ሌላው እሱ ሲቆጥር፣ ሲያስል፣ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራ፣ ሲስቅ ነው፤ ሦስቱ ሳልና ሳቁን ከበው ይጫወታሉ። "ሻይ የለም ወይ ነው የሚለው" ብሎ ወንድሜ አንዱን ተርጉሞታል። ከዚያ በታች የደብተሩ ገጽ ባዶ ነው።

ይህን ባነበብኩበት ሳምንት ለእናቴ የምልከው ሙሉ መልእክት አልቆብኝ ነበር። የቀሩት በዓል የሚጠሩ፣ ቀን የሚጠሩ ናቸው። ስለዚህ ቁርጥራጭ እልክ ነበር፤ አንዱ ላይ "እሺ እማዬ፣ እሺ" ብቻ ይላል። የመጨረሻው ሳቁ ነው። እናቴ የሆነ ነገር ብላው የሳቀው ሳቅ፣ አራት ሴኮንድ። እሱንም ላክሁት።

ኤፕሪል ላይ በስልኩ ኢሜይል ገባ። ወንድሜ የባንዱ የአድናቂዎች ማኅበር አባል ነበር፤ ለአባላቱ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን በኢንተርኔት ሊያሳዩ ነው፣ አዳራሹ በኮሮና ምክንያት ባዶ ነው። በጃፓን ማታ፣ በእኛ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ተነሥቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ለምን እንደተነሳሁ ብትጠይቁኝ፣ እሱ ቢኖር ስለሚነሳ ነው።

አርጅተዋል። ጊታሪስቱ መነጽር አድርጓል፣ ያ ወንድሜ የሰደበው። መሐል ላይ ማይክሮፎን ቆሟል፣ ከኋላው ሰው የለም። የሟቹ ድምፅ በስፒከር እየወጣ አብረውት ይጫወታሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከሄደ በኋላ ከበሮ መቺዋ ተነሥታ ወደ ማይክሮፎኑ መጣች። ከሥር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያልፍ ነበር። ከእሱ የቀረን ድምፅ አሁን አለቀ አለች። ሰባት ወር ደብቀንባችሁ ነበር፣ ለእናንተ ያዘንን መስሎን፤ ብቻችንን ነው ያለቀስነው፣ እናንተም ብቻችሁን፣ አለች። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ የመጀመሪያውን ሲዲ የመጀመሪያ ዘፈን ጀመሩ፣ የሚዘፍን ሰው ሳይኖር።

ደብተሩን ገለጥኩና በፊደል የተጻፈውን እያነበብኩ ዘፈንኩ። ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ለካ ክረምቱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ በፒጃማ፣ የማላውቀውን ቋንቋ እየጮህኩ ለጋሼ ደወልኩ። ገና አልነቁም ነበር።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ጋሼ፣ እናቴ ትስማ። ከዚህ በላይ አልችልም።"

ጋሼ እሺ አሉ። ደብረ ዘይት ላሉ ሽማግሌዎች ደውለው አስማሙ፤ በሽታው ትንሽ እስኪረግብ፣ ፋሲካም እስኪያልፍ ጠበቅን። ሜይ ውስጥ አንድ እሑድ ተቆረጠ። ጎረቤት አንድ ቤት ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይገባሉ፣ ነርስ የሆነች ልጅ አብራ ትገኛለች። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ለእናቴ ደወልኩ። ሞተሩን አላስነሳሁም። ነገ ሕይወቷ ይቀየራል፤ አንድ የመጨረሻ ተራ ወሬ ከእሷ ጋር ላውራ ብዬ ነው።

"ደህና ዋልሽ እማዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። በላሽ?"

"በላሁ።"

"ነገ ሊመጡ ነው አይደል?" አለችኝ።

"እነማን?"

"ተዪ እንጂ። ጎረቤቱ ሁሉ ከሐሙስ ጀምሮ ዓይኔን እየሸሸ ነው። አክስትሽም ጓዳ ገብታ ስትናፈጥ ነው የምትውለው።"

እሷ ቀጠለች፣ ድምጿ ሳይናወጥ።

"የልጄን ድምፅ አንድም አላጠፋሁም እኮ። እሱን ሳልሰማ ተኝቼ አላውቅም። ያ መጀመሪያ የላክሽው፣ ብርዱ ነው እንጂ የሚለው፣ አምና በጥር የላከው ነው። ከኋላው የአባቱ ጃፓኖች የት ቦታ ላይ እንደሚጮኹ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ደግሞ ሲመጣልኝ ገባኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ለእኔ ፈርተሽ ደበቅሽኝ። እኔም ለአንቺ ፈራሁ። እኔ ሰው አለኝ፤ አንቺ እዚያ ማን አለሽ? መደበቁ በእግርሽ ካቆመሽ ብዬ ዝም አልኩ።"

እህትህን ጠብቅልኝ ያለችው ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ የምታናግረው ማንን እንደሆነ አውቃ ነበር።

"ስሙንስ?" አልኳት። "መድኃኔዓለም ስታስጠሪ?"

"ከአባቱ ጎን ነው የማስጠራው። ከገና ጀምሮ።"

መሪው ላይ ተደፋሁ።

"ነገ ሲመጡ አልሰማሁም እላለሁ" አለች። "ሰዎቹ ተዘጋጅተዋል፣ አይከፋቸው። አሁን ግን ማንም የለም። አልቅሺ ልጄ። እኔም ላልቅስ።"

አለቀስን። እሷ ስታለቅስ እኔ ዝም እላለሁ፣ እኔ ሳለቅስ እሷ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ። አምስት ወር ሙሉ በየፊናችን የደበቅነው ነው። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

"እኔ ጋ ያሉት ለእኔ የላካቸው ናቸው። ለአንቺ አይልክም ነበር?"

"ይልክ ነበር። ግን ተራ ነገር ነው፣ እማዬ። ብዙዎቹን ሰምቼ አልጨረስኳቸውም።"

"ላኪልኝ። እኔ ያልሰማሁትን ነው የምፈልገው።"

የራሴን ስልክ ከፈትኩ። ካልሰማኋቸው መሐል ከላይ ያለውን ሳልመርጥ ላክሁላት፣ ከዚያ እኔም ከፈትኩት። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እኩል ሰማነው። ጃፓናዊው ይጮሃል፤ ወንድሜ ከእሱ በላይ እየጮኸ ይናገራል። "እታለም፣ ዳቦ አልቋል፤ ስትመጪ ዳቦ ግዢ። ደግሞ ሲዲውን እንዳትነኪብኝ፣ ስድስተኛው ነው፣ ገና አልጨረስኩትም። እሺ? ዳቦውን እንዳትረሺ።"

እናቴ ሳቀች። ልክ እንደ እሱ ነው የምትስቀው፤ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

"ገዛሽለት?" አለችኝ።

ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችኝን ሁሉ ስዋሽ ነው የቆየሁት።

"አልገዛሁለትም" አልኳት። "ያኔ አልሰማሁትም ነበር።"



"እሺ" አለች። "ቀጥሎ ያለውን ላኪ።"